ከሞተሩ እግር ስር ምን ይግባ? ለከባድ ማሽን የሺም አመራረጥ

ኮምቦልቻ የማሽን ከተማ ናት። ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ ዱቄቱ እዚሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ማሽን ተካዩም ጠጋኙም በዝቷል። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱም ወፍጮ ቤቱና ብረታ ብረት ቤቱ በየሰፈሩ ነው። ሁሉም ጋ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሞተሩ ከፓምፑ ጋር አልገጥም ሲል፣ ወይም አንዱ እግር ተንጠልጥሎ ሲገኝ፣ ስሩ ምን ዓይነት ሺም፣ ማለትም ክፍተቱን የሚሞላ ስስ ዝርግ ቁራጭ፣ ይግባ?

መልሱ ብዙ ጊዜ እጅ ላይ ያለው ነገር ነው። የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሮንዴላ፣ የመጋዝ ምላጭ፣ ሲብስም ካርቶን። ማሽኑ ይነሳል፣ ሁሉም እፎይ ይላል። ቆየት ብሎ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል። የሁለቱን ማሽን ዘንግ የሚያገናኘው የካፕሊንጉ ጎማ እየተፈረፈረ ይረግፋል። ያኔ "ኩሽኔታው ፎርጅድ ነው" ተብሎ አዲስ ይገዛል። እሱም ያልቃል። ስሩ የተወሸቀውን ቁራጭ የሚጠረጥር ሰው የለም።

ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን እንያቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሞተሩ ከፓምፕ፣ ከጊርቦክስ ወይም ከፋን ጋር በካፕሊንግ የተያያዘ ከሆነ፣ ተቆርጦ የመጣ የማይዝግ ብረት ሺም ግዙ። ሌላው ወይ ለሌላ ዓይነት ማሽን ነው፣ ወይ ለአንድ ሌሊት ማለፊያ ነው። ምክንያቱን ግን ማወቅ ይጠቅማችኋል። አለዚያ ውድ ሺም ገዝታችሁም ያው ችግር ይጠብቃችኋል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እግሩን ለኩ

ማብሪያውን አጥፉ፣ ፊውዙን አውጡ፣ ቁልፍ ማድረግ የሚቻል ከሆነም ቆልፉበት። ከዚያ የድሮውን ሺም በሙሉ አውጡ። የሞተሩን እግርና እግሩ የሚያርፍበትን ቤዝ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ቀለም፣ ዝገት፣ የደረቀ ግሪስ፣ የብየዳ ፍንጣሪ ሁሉ ይነሳ። በተደጋጋሚ የተቀባ ቀለም ብቻውን ከአንድ ቀጭን ሺም ሊወፍር ይችላል።

አሁን ሁሉንም ቡሎን እሰሩ። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) በማግኔቱ ቤዙ ላይ አቁሙት፣ ጫፉን ደግሞ አንዱ እግር ላይ አሳርፉት። የዚያን እግር ቡሎን ብቻ ፍቱ። መርፌው ስንት ዞረ? ከ0.05 ሚሊ በላይ ከሆነ እግሩ አልተቀመጠም ማለት ነው። ቡሎኑን መልሳችሁ እሰሩና ወደሚቀጥለው እለፉ። አራቱም እግር በየተራ ይታያል። ሥራው ረጅም አይደለም፣ ግን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል።

ሲዘለል ምን ይሆናል? እግሩ ሳይቀመጥ ቡሎን ሲጠብቅ የሞተሩ አካል ይጣመማል። ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቤት መስመሩን ይስታል። በሚዞረው ሮተርና በማይዞረው ስታተር መሀል ያለው ክፍተትም ይዛባል። ከዚያ በኋላ ካፕሊንጉን የቱንም ያህል ብታስተካክሉ ትርፉ ድካም ነው። ቡሎን በነካችሁ ቁጥር ልኩ ይቀያየራል።

ቀጥሎ ፊለር ጌጅ፣ ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ያዙ። ቡሎኑን ፈትታችሁ የተነሳው እግር ስር በአራቱም ማዕዘን ሞክሩ። አራቱም ጋ እኩል ከገባ ክፍተቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጠፍጣፋ ሺም ይበቃዋል። አንዱ ማዕዘን 0.30 ሚሊ ገብቶ ተቃራኒው ምንም ካላስገባ ግን እግሩ ዘንበል ብሏል። እዚያ ጠፍጣፋ ሺም ምርጥ ቢሆንም አይረዳም። አንዱን ጠርዝ ይዞ ሌላውን ባዶ ይተዋል። ቀጫጭን ሺሞችን አንዱን ከአንዱ አሳጥሮ፣ እንደ ደረጃ ደርድሮ ዘንበሉን መሙላት ይቻላል። የሚሻለው ግን ቤዙን ወይም እግሩን ፍሬዛ (ብረት የሚልግ ማሽን) ላይ አውጥቶ ፊቱን ማስተካከል ነው። አንድ ጊዜ ገንዘብ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሺሙ ቀላል ይሆናል።

ከላሜራ የተቆረጠ ወይስ ተቆርጦ የመጣ?

ትልቁ ክርክር ይሄ ነው። ላሜራውን የሚደግፉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መስመር ቆሞ አለቃ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ መቀስና ላሜራ ያለው ሰው ያድናል። ልምድ ያለው ባለሙያ በጥንቃቄ ከቆረጠው፣ ጠርዙን በሊማ ካለሰለሰውና ውፍረቱን በማይክሮሜትር ከለካው፣ ሳምንቱን ያሳልፋል። እኔ የምቃወመው ያ የአንድ ሌሊት ሺም እዚያው ተረስቶ ዓመት ሲከርም ነው።

የላሜራ የመጀመሪያ ችግሩ ውፍረቱ ነው። ሱቅ ውስጥ በጌጅ ቁጥር ነው የሚሸጠው። አንድ ዓይነት የጌጅ ቁጥር የያዙ ሁለት ላሜራዎች ግን ማይክሮሜትር ሲገባባቸው ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ለቤት ክዳን ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ለካፕሊንግ ግን የመቶኛ ሚሊ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጠርዙ ነው። የላሜራ መቀስ ብረቱን ሲቆርጥ ጠርዙን ወደ አንድ ጎን ያጥፈዋል። ጥፍራችሁን ብታሳልፉበት ይይዛችኋል። ያ የታጠፈ ጠርዝ እግሩን ከስር ያነሳዋል። ቡሎን ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፣ ማሽኑ ሲሠራ ደግሞ ቀስ እያለ ይተኛል። ትናንት ያሰራችሁት ቡሎን ዛሬ ላልቶ የሚገኘው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ዝርግነቱ ነው። በተለይ ከጣሪያ ቆርቆሮ የተቆረጠ ከሆነ አደራችሁን። ሞገዱን በመዶሻ ብትዘረጉትም ብረቱ ወደ ቅርጹ መመለስ ይፈልጋል። ላዩ የተለበጠው ዚንክም ለስላሳ ስለሆነ በጫና ይደፈጠጣል።

ደሴ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው። ወፍጮው ከሞተሩ ጋር በቀጥታ በካፕሊንግ የተያያዘ ነው። "ልጄ፣ ኩሽኔታ እየገዛሁ ለኩሽኔታ ነጋዴ ሆኛለሁ የምሠራው" አሉኝ። የሞተሩን የኋላ ቀኝ እግር ፈትተን የነበረውን አወጣነው። ከላይ ሮንዴላ ነበር። ከሮንዴላው ስር ግማሹ የተቀደደ የዘይት ጣሳ ላሜራ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ጽሑፉ ገና ይነበባል። ከዚያ ሁለት የመጋዝ ምላጭ፣ ጥርሳቸው እንዳለ። ከዚያ ደግሞ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት የሚነሳ። ከሁሉም ስር ዱቄትና ግሪስ ተጋግሮ ጠንክሯል። ክምሩን በሁለት ጣቴ ስጫነው ወረደ፣ ስለቀው ተመለሰ። በጣት የሚወርድ ነገር ላይ ነው ያ ሁሉ ሞተር የቆመው። የሠራው ልጅ "አብሽሩ ሀጂ፣ ይይዛል" ብሏቸው ነበር። ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን ጸንቶ አይቆምም። ቦታውን አጽድተን፣ የእግሩን ክፍተት ለክተን፣ በሁለት የማይዝግ ብረት ሺም ተካነው።

ተቆርጦ የመጣው ሺም ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። መሀሉ ተሰንጥቆ ስለሚመጣ ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ ሳታወጡ ከጎን ታስገቡታላችሁ። ጠርዙ ለስልሷል። ውፍረቱ ላዩ ላይ ተጽፏል። በሚሊሜትር የሚመጡት የተለመዱት መጠኖች አራት ናቸው። 50 በ50 ሚሊው ለቡሎን የተሰነጠቀው 13 ሚሊ ነው። 75 በ75ቱ 21፣ 100 በ100ው 32፣ 125 በ125ቱ ደግሞ 45 ሚሊ ስንጥቅ አላቸው። መጠኑን የሚወስነው የእግሩ ስፋትና የቡሎኑ ውፍረት ነው። ሺሙ የእግሩን አብዛኛውን ስፋት መያዝ አለበት። ትልቅ እግር ስር ትንሽ ሺም መወሸቅ ጫናውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መሰብሰብ ነው።

ሮንዴላን ሺም የማታደርጉትም ለዚሁ ነው። ሮንዴላ የሚነካው የቡሎኑን ዙሪያ ብቻ ነው። የቀረው እግር አየር ላይ ይቀራል። የሞተሩ እግር ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነ ደግሞ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ የጊዛ እግር ብየዳ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቃል።

የማይዝግ፣ ተራ ብረት ወይስ ናስ?

ተቆርጦ የመጣ ለመግዛት ከወሰናችሁ ቀጣዩ ጥያቄ ከምን የተሠራ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚፈርደው ማሽኑ የቆመበት ቦታ ነው።

ተራ ብረት ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ቦታው ደረቅና ጣሪያ ያለው ከሆነ ምንም አይለውም። ውሃ ባለበት ግን ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ እግሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከዚያ ተፈርፍሮ ይወድቅና እግሩን ባዶ ያስቀረዋል። በሁለቱም በኩል ልኩ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ውሃ የማይነካው ማሽን ስንት ነው? የቢራና የመጠጥ መስመር በየቀኑ ይታጠባል። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የማይዝገው ይሻላል እላለሁ። በብዛት የሚገኘው 304 የሚባለው ነው፣ ለአብዛኛው ቦታ ይበቃል። ለሁለት ዓይነት ቦታ ግን 316ቱን ፈልጉ። አንደኛው ክሎሪን ያለበት ማንጫ ክፍል ነው። ሁለተኛው ቆዳ ፋብሪካ ነው፤ ቆዳው በጨው ታሽቶ ነው የሚመጣው፣ የሚያጥበው ውሃም ጨዋማ ነው። ጨው 304ን ነጥብ በነጥብ እየበሳ ይበላዋል። 316 ውስጥ ሞሊብዲነም ስላለ የበለጠ ይቋቋማል።

ናስ ጥሩ ጎን አለው። በስስ ጥቅልል ይመጣል፣ ውፍረቱ የታወቀ ነው፣ በመቀስ በቀላሉ ይቆረጣል። ለትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ለኩሽኔታ ክዳን ወይም ለመለኪያ መሣሪያ ማስተካከያ እወደዋለሁ። ከባድ ሞተር ስር ግን ለስላሳ ነው። በንዝረት ብዛት ጠርዙ እየተገፋ ይሳሳል። እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲነካካ ደግሞ ብረቱን ቶሎ ያዝገዋል። ናሱ ደህና ሆኖ ቤዙ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

የፕላስቲክ ሺምም አለ፣ እያንዳንዱ ውፍረት የራሱ ቀለም ያለው። አይዝግም፣ ቀለሙን አይቶ መለየት ያመቻል። ቀላል ማሽን ላይ ይሁን። ጫናና ሙቀት ሲደራረብበት ግን ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ስለዚህ ከከባድ ሞተር ስር አላስገባውም። ቀጫጭን ንብርብሮቹ ተጣብቀው የመጡና እየላጣችሁ የምታሳንሱት ሺምም ለጊርቦክስ ውስጥ ሥራ ምቹ ነው። ለሞተር እግር ትርፍ ወጪ ነው።

ሁሉም ማሽን ካፕሊንግ የለውም

በቺንጊያ የሚሠራ ወፍጮ ያላችሁ ሰዎች እስካሁን ያልኩት እንዳያስጨንቃችሁ። ቺንጊያ ጥቂት የመቶኛ ሚሊ ልዩነትን ይሸከማል። የሁለቱ ፑሌጂያ ፊት በአንድ መስመር መሆኑን በተወጠረ ሲባጎ አረጋግጡ። ሲባጎው አራቱንም ጠርዝ እኩል ከነካ ደህና ነው። ከስር የሚገባው ተራ የብረት ሺም ቢሆን ይበቃል። የእግር መቀመጥ ጉዳይ ግን እዚህም አይቀርም። ቺንጊያው ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ስለሚስብ ያልተቀመጠ እግር ቶሎ ይላላል።

ከወፍጮ ስር የመኪና ጎማ ቆርጦ ማስገባት በአካባቢያችን የተለመደ ነው። ሙሉው ማሽን ከነሞተሩ አንድ ቤዝ ላይ ታስሮ፣ ጎማው ከቤዙ ስር ከሆነ ለጎረቤትም ለወለሉም ሰላም ነው። ሞተሩ ስር ብቻ፣ ወይም አንድ እግር ስር ብቻ ከሆነ ግን ሞተሩና ወፍጮው ለየብቻ ይወዛወዛሉ። ያን አታድርጉ።

ቶርኖና ፍሬዛ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሚፈለገው የማሽኑ አልጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይጣመም መተኛቱ ነው። አልጋው ከተጣመመ የምትቀርጹት ዘንግ አንድ ጫፉ ይወፍራል። ለዚህ ሺም መደርደር አድካሚ ነው፤ በቡሎን ከፍና ዝቅ የሚል እግር ወይም የሚስተካከል ሽብልቅ ይሻላል። የግንበኛ ውሃ ልክ ግን አይበቃም። በአንድ ሜትር 0.02 ሚሊ የሚያነብ የማሽን ውሃ ልክ ያስፈልጋል። የሸማኔ ማሽን ሲተከልም ይኸው እግር ነው የሚያዋጣው። ብዙ ማሽን በተርታ ሲቆም እያንዳንዱን በሺም ማስተካከል ጊዜ ይበላል።

ትልልቅ ኮምፕረሰርና ጄኔሬተር ላይ ደግሞ ክብ ሆኖ የሚሽከረከር፣ ከፍታውም ዘንበሉም የሚስተካከል ድጋፍ አለ። ውድ ነው። ግን እግሩ ዘንበል ላለ ማሽን ከነቦታው የሚያስተካክል ሌላ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ማሽኑን ነቅሎ ፍሬዛ መውሰድ የማይታሰብ ከሆነ ዋጋውን አስሉት።

አንድ የሚምታታ ነገር ላንሳ። ከቤዙ ስር የሚገባና ከሞተሩ እግር ስር የሚገባ አንድ አይደለም። ቤዙ መጀመሪያ ሲተከል በወፋፍራም ብረትና በሽብልቅ ደረጃው ይያዝና ስሩ በማይኮማተር ግራውት (ፈሳሽ የሲሚንቶ ሙሌት) ወይም በኢፖክሲ ይሞላል። ያ አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው። ከሞተሩ ስር ያለው ግን ተመልሶ የሚከፈት ነው። ስለዚህ አዲስ ማሽን ስትተክሉ ከሞተሩ ስር ከመጀመሪያውኑ 3 ሚሊ ሺም አስገቡ። ፓምፑ ነገ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ሞተሩን ዝቅ ማድረጊያ ይኖራችኋል። ምንም ሳይኖር የተተከለ ሞተር ዝቅ የሚለው እግሩ ወይም ቤዙ ሲላግ ብቻ ነው።

ስንት፣ ምን ያህል ውፍረት?

ከአንድ እግር ስር ከአራት ሺም አትለፉ። ሦስት ቢሆን ደስ ይለኛል። በሁለት ሺም መሀል ሁሌም ጥቂት አየርና ቆሻሻ አለ፤ ሲበዙ ክምሩ መንጠር ይጀምራል። አምስት ቀጫጭን ከመደርደር ሁለት ወፍራምና አንድ ቀጭን ይሻላል። ቀጭኖቹን በወፋፍራሞቹ መሀል አስገቧቸው። ከላይ ወይም ከታች ከሆኑ ይታጠፋሉ፣ ይቀደዳሉ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የካፕሊንጉ ስፋት 200 ሚሊ ነው። በሁለቱ የካፕሊንጉ ፊቶች መሀል ከላይ ያለው ክፍተት ከታችኛው በ0.10 ሚሊ ይሰፋል። ከፍታው ካፕሊንጉ ጋ ልክ ነው። ከላይ የሰፋው የሞተሩ ጀርባ ዝቅ ስላለ ነው። የፊት እግሩ ከካፕሊንጉ 300 ሚሊ፣ የኋላው 900 ሚሊ ይርቃል እንበል። 0.10ን ለ200 አካፍሉ፣ በ300 አባዙ፤ 0.15 ሚሊ ይሆናል። በ900 ስታባዙት 0.45 ይሆናል። ስለዚህ የፊት እግሮች 0.15፣ የኋላዎቹ 0.45 ይነሱ። ተቆርጦ የመጣ ሺም ካላችሁ 0.10 ከ0.05፣ 0.40 ከ0.05 ጋር ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ይህን ልክ ከላሜራ አውጡ ብትባሉ ከየት ታመጡታላችሁ? አንድ ቀን ሙሉ ሞተር እያነሱ እያወረዱ መሞከር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለባችሁ የሚወስነው ፍጥነቱ ነው። በደቂቃ 1500 ለሚዞር ሞተር ብዙ ባለሙያ የሚቀበለው የሁለቱ ዘንጎች መሀል ለመሀል አለመገናኘት እስከ 0.09 ሚሊ ነው። 3000 ሲሆን ወደ 0.06 ይወርዳል። 750 ላይ 0.19 ድረስ ይታለፋል። የአምራቹ መመሪያ ካለ ግን የሱን ተከተሉ።

ሙቀትን አትርሱ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ከእግሩ እስከ ዘንጉ መሀል 300 ሚሊ የሆነ ሞተር በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.14 ሚሊ ከፍ ይላል። ፓምፑ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገፋ ከሆነ እሱ ከቦታው አይነሳም። ስለዚህ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ መተው አለበት። እኛ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። መደበኛ ሞተር የሚሠራው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ታስቦ ነው። ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2500 ትጠጋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። ሙሉ ጭነት የሚሠራ ሞተር ደሴ ላይ ይበልጥ ይሞቃል። ካታሎግ ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር እንዳለ ከመውሰድ ማሽኑን አሠርታችሁ፣ ሲሞቅ በሙቀት መለኪያ እግሩንና አካሉን ለክታችሁ አስሉ።

ስትገዙ

በአንዴ ሁሉን አትግዙ። ያሏችሁን ሞተሮች እግር ለኩና በብዛት የሚገጥመውን መጠን አንድ ሳጥን ያዙ። ቶሎ የሚያልቁት 0.05፣ 0.10 እና 0.20 ናቸው፤ እነሱን ጨምሩ። 2 እና 3 ሚሊዎቹ ከርመው ይቆያሉ።

ማይክሮሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ የተጻፈውንና የሚለካውን አስተያዩ፣ በተለይ በወፋፍራሞቹ። ጠርዙን በጥፍር ዳስሱ። መስታወት ላይ አስተኝታችሁ የሚነሳ ጫፍ እንዳለ እዩ። ማግኔት ግን ብቻውን አይፍረድላችሁ። 304 ሳይሞቅ ተጨፍልቆ ሲሳሳ በጥቂቱ ሊሳብ ይችላል። በኃይል ከተጣበቀ ጠርጥሩ።

ስትገጥሙ ሺሙን ቡሎኑን እስኪነካ ግፉትና ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት። ካልመለሳችሁት የቡሎኑ ጥርስ ጠርዙን ይነክሰዋል። ሞተሩን በክሪክ ወይም በመግፊያ ቡሎን አንሱ። በፌሮ እየፈነቀላችሁ ጣታችሁን ስሩ አታስገቡ። ቡሎኖቹን በሰያፍ፣ በሁለትና በሦስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ እኩል እሰሩ። በየእግሩ ስር የገባውን ውፍረት የማሽኑ መዝገብ ላይ ጻፉ። የሚቀጥለው ፈረቃ ላይ ያለው ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ያው እግር እየተንጠለጠለ ሺም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሺም መጨመሩን አቁሙ። ደሴ መሬቷ የሚንሸራተትባቸው ቦታዎች አሏት። ሜዳው ላይም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር አለ። የሚንቀሳቀሰው መሠረቱ ነው። ኮንክሪቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ሁለቱን ጎን በቀለም ምልክት አድርጉና ከክረምት እስከ በጋ ርቀቱን ለኩ። ከሰፋ ለሺም የያዛችሁትን ገንዘብ ለመሠረት ባለሙያ አውሉት፣ የውሃ መውረጃውንም አስቆፍሩ። ካልሰፋ ደግሞ ማሽኑን በጠዋት፣ ቀዝቃዛ እያለ፣ ከአራቱ እግር ልክ ጀምራችሁ እንደ አዲስ አስተካክሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ ዳያል ጌጁን መልሳችሁ አቁሙ። አራቱም እግር ከ0.05 በታች ካነበበ ሥራው ይዟል።